የአሸንዳ ወንፊት ለባሕር ዳር ቤት፦ ስፖንጅ ወይስ ላሜራ ክዳን?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የአራት ዓመት ቤት አለን። ልኩ 14 በ12 ሜትር ነው፤ ክዳኑ ኢጋ (ጎድን ያለው ቆርቆሮ) ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ጓሮ ይወርዳል። በጓሮ በኩል የተንጠለጠለ አሸንዳ አለ፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከላዩ ነው። የፊት ለፊቱ አሸንዳ በፓራፔት፣ ማለትም ከክዳኑ ጫፍ በላይ በቆመ ግንብ፣ የተሸፈነ ሲሆን የመንገዱ ጃካራንዳ ያራግፍበታል። በየክረምቱ ይደፈናል። ባለፈው ሐምሌ ውሃው ኮርኒስ ሰብሮ ሳሎን ገባ። አንድ ባለ ሱቅ አሸንዳው ውስጥ የሚጠቀጠቅ ስፖንጅ አሳየን። ወንድሜ ደግሞ ከውጭ አመጣለሁ የሚለው አሸንዳውን ከላይ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጫፉ የታጠፈ ላሜራ ነው። የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከወንፊቱ ምርጫ ይልቅ ዓይኔን የያዘው «ኮርኒስ ሰብሮ» የሚለው ነው። እሱን በደንብ እመጣበታለሁ። ለጠየቁት ግን ቀጥተኛው መልስ ሁለቱንም አይግዙ ነው። ለጓሮው አሸንዳ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በእጅ የሚነሳ የሽቦ ወንፊት ያድርጉ። የፊት ለፊቱን ደግሞ ጨርሶ አይሸፍኑት፤ የመውጫውን አፍ ብቻ ይጠብቁለት፣ ትርፍ ውሃም ወደ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ ያብጁለት። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳዎ፤ ምክንያቱን ካወቁት ነገ ሌላ ባለ ሱቅ ሌላ ነገር ቢያሳይዎት ራስዎ ይፈርዳሉ።

ከውሃው እንጀምር፤ ቅጠሉ ይቆየን። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የክዳንዎ አንዱ ጎን 14 ሜትር በ6 ሜትር ስለሚሆን 84 ካሬ ሜትር ነው። ያ ጎን ብቻውን በዓመት ከ117,000 ሊትር በላይ ይቀበላል፤ ባለ 10,000 ሊትሩን ሮቶ አሥራ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል። ነገር ግን አሸንዳን የሚያሸንፈው የዓመቱ ድምር አይደለም፤ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚያወርድ ኃይል ለአሥር ደቂቃ ብቻ ቢመታው ከዚያ ጎን በየደቂቃው 140 ሊትር ይወርዳል። ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ በእያንዳንዷ ደቂቃ።

በዚያ ላይ ኢጋ ቆርቆሮ ውሃውን በትኖ አይለቅም። በጎድን በጎድኑ መካከል ባሉት ቦዮች ሰብስቦ፣ ፍጥነት ሰጥቶ፣ እንደ ቧንቧ ይለቀዋል። ዶፍ ሲመጣ ከጓሮ በር ቆመው ወደ ላይ ቢያዩ ይታይዎታል፤ ከክዳኑ ጫፍ የሚወርደው መጋረጃ አይደለም፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ የውሃ ገመዶች ናቸው። እያንዳንዱ ገመድ ወንፊቱን የሚመታው አንድ ቦታ ላይ ነው። የብዙው የተገዛ ወንፊት ጉድ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው፤ ሥራው ተብሎ የሚታሰበው ቅጠል ማስቀረት ሆኖ፣ በእኛ አገር ክዳንና በእኛ አገር ዝናብ ግን መጀመሪያ የሚፈተነው ውሃ በማስገባት ነው። ቅጠል የማያስገባ ነገርማ ሞልቷል፤ ጣውላ ብንገጥምበትም አያስገባም።

ወንድምዎ ሊያመጡልዎ ያሰቡት ላሜራ የሚወድቀውም በዚሁ ነው። የላሜራው አሠራር ውሃ የታጠፈን ነገር ተጣብቆ የመከተል ባሕርይ ስላለው ነው። ቡና ሲቀዱ አይተውት ይሆናል፦ ጀበናውን ፈራ ተባ እያሉ ቀስ ካዘነበሉት ቡናው በአንገቱ ሥር ተጣብቆ ረከቦቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ደፈር ብለው ካዘነበሉት ተወርውሮ ሲኒው ውስጥ ይገባል። ላሜራውም በካፊያ ጊዜ ውሃውን በታጠፈው ጫፍ አስከትሎ በጠባቡ ክፍተት ወደ አሸንዳው ያስገባል፣ ቅጠሉን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሲያዩት ያምራል። ዶፍ ሲመጣ ግን ከቦዮቹ የሚወረወረው ውሃ መታጠፊያውን መከተል አይችልም፤ አሸንዳውን ዘሎ መሠረትዎ ላይ ይወድቃል። የበጋው አቧራ ላዩ ላይ ሲጋገርማ በመጠነኛ ዝናብም ይዘላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሥሩ ጨለማና ደረቅ ስለሚሆን ተርብ ይወደዋል፤ ለመጠገን የወጣ ሰው ላሜራውን ሲከፍት ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ወንድምዎ ገንዘቡን ለአሉሚኒየም ወንፊት ቢያውሉት ይሻላል፤ ስለሱ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ስፖንጁን በተመለከተ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ስፖንጁን ካስገቡ ሁለት ክረምት አልፏል፤ «ቅጠል አይገባም፣ ግን ግድግዳው ይረጥባል» አሉኝ። መሰላል አቁሜ ስወጣ አሸንዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ሣር በቅሎበታል፤ መሃሉ ላይ ቁመቱ ስንዝር ያለፈ የዋርካ ችግኝ ቆሟል። ይዤ ስጎትተው ሥሩ በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተሽሎከለከለ ከአንድ ሜትር በላይ ሄዷል፤ ስፖንጁም ከሥሩ ጋር እየተቦጨቀ መጣ። ቁራጩን ስጨምቀው ጥቁር ውሃ በክንዴ ወረደ። ቀኑ ጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ዝናብ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ወፎች የሾላና የዋርካ ፍሬ በልተው ክዳን ላይ ይጥላሉ፤ ዘሩ ታጥቦ ስፖንጁ ላይ ያርፋል። ስፖንጁ እርጥበት ይይዛል፣ ቆርቆሮው ያሞቀዋል፣ አቧራው አፈር ይሆነዋል። ከዚህ የተሻለ መደብ ችግኝ ጣቢያም አያዘጋጅ። ፀሐይ ያገኘው የላይኛው ገጽ ደግሞ በሁለት በሦስት ዓመት ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ወርዶ መውጫውን ይደፍናል። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ስፖንጁ የአሸንዳውን ሆድ ስለሚሞላው ውሃው እየተጣራ በዝግታ ነው የሚሄደው። በደቂቃ 140 ሊትር ለሚወርድበት አሸንዳ መንገዱን ማጥበብ መፍትሔ አይሆንም። እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ጸጉር ያለው ረጅም ብሩሽም ይሸጣል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጸጉሩ መሃል ተሰክቶ ስለሚቀር አንድ በአንድ መልቀም ነው ትርፉ። እለፉት።

በጣም ደቃቅ ወንፊትስ? ብዙ ሰው የመስኮት የትንኝ ወንፊት ገዝቶ አሸንዳው ላይ ይወጥራል፤ ሐሳቡ ቅን ነው፣ ምንም አይገባም ይላል። ዳንግላ አካባቢ እንደዚህ የተሠራ ቤት አይቻለሁ። ከአጥሩ ጀርባ ዲከረንስ ተተክሏል፤ የዚህ ዛፍ ቅጠል የተቆራረጠ ክር ነው የሚመስለው። ያ ቅጠል ከበጋው አቧራ ጋር በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ተቦክቶ፣ በማግስቱ ፀሐይ ደርቆ፣ ወንፊቱ ላይ ተነጥፏል። ጠርዙን በጥፍሬ ይዤ ሳነሳው እንደ ቂጣ ሙሉውን ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ወንፊት ዛሬ እንደተገዛ ያበራል፤ አሸንዳው ውስጥ አንዲት ቅጠል የለችም። ውሃም ገብቶበት አያውቅም፤ ክረምቱን ሙሉ በላዩ ላይ ነው የፈሰሰው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው እንዲህ ብዬ ነው፦ ትልቁ ቅጠልና ቅርፊት ከላይ ይቅር፣ ደርቆ ነፋስ ይውሰደው፤ ትንሹ ግን ይለፍ፣ ከውሃው ጋር በቱቦ ይውጣ። ሁሉን ላስቀር ያለ ወንፊት ራሱ ይደፈናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ የቀጠነና ረጅም ነው፤ ቅርፊቱም እየተላጠ በረጅሙ ይወርዳል። 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በቂ ነው። የዶሮ ሽቦ ከሆነ ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቅጠሉ በቁመቱ ሰንጥቆ ይገባና ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከዚያ ሌላው በሱ ላይ ይደራረባል።

የሚያስደስተው፣ ለጓሮዎ የሚያስፈልገው ነገር የትም የሚገኝ መሆኑ ነው። ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበትን ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ሽቦ ወንፊት ያውቁታል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በሜትር ይገዛል። ሲገዙ ቀዳዳውን በማስመሪያ ይለኩ፤ በዓይን ግምት 5 እና 10 ሚሊ ሜትር ይምታታል። ሽቦው በጣት ሲጫኑት የማይለመጥ ይሁን። በአሸንዳው አፍ ስፋት ልክ፣ ከዚያም 8 ሳንቲም ያህል ጨምረው፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያስቆርጡት፤ አሥራ አራት ሜትሩን በአንድ ቁራጭ አይሥሩት፣ ምክንያቱም አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ በአንድ እጁ ማንሳት መቻል አለበት። የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ዚንኩ የተገፈፈ ስለሆነ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል፤ ጠርዙን በሙሉ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀቡት። ገንዘቡ ካለ በስተው የሚሸጡት የአሉሚኒየም ወንፊት ይበልጣል፤ አይዝግም፣ ላዩም ለስላሳ ስለሆነ ቅጠል ያንሸራትታል። ወንድምዎ ከውጭ ያመጡ ከሆነ ይህንን ይጠይቋቸው፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ቀዳዳውም ብዙና ጥቅጥቅ ያለ ይሁን።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ሁለት ነገር በጣም አጥብቄ እነግርዎታለሁ። ወንፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛ፤ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ከሆነማ ቅጠል ማጠራቀሚያ ሰፌድ ሆነ ማለት ነው። የውስጠኛው ጠርዝ ከክዳኑ ጫፍ ሥር ገብቶ ከፍ ይበል፣ የውጭኛው ጠርዝ በአሸንዳው ከንፈር ላይ ዝቅ ይበል፤ የክዳኑን ተዳፋት ተከትሎ ሲወርድ ቅጠሉ ራሱ ይንሸራተታል። ሲያስገቡት ግን የቆርቆሮውን ጫፍ ወደ ላይ አያንሱት፤ ያ ክፍተት ለነፋስ መግቢያ ይሆናል። የውጭኛውን ጠርዝ በትንንሽ ብሎን በየግማሽ ሜትሩ ያስይዙ ወይም በታጠፈ ሽቦ ያቆላልፉት። የአሸንዳውን ሆድ በፍጹም አያስበሱ። ሠራተኛው ሽቦውን በግራይንደር የሚቆርጥ ከሆነ ክዳኑ ላይ ሆኖ አይቁረጥ፤ የሚበረው የጋለ የብረት ብናኝ የኢጋውን ቀለም ያቃጥላል፣ በሳምንቱም ክዳንዎ በዝገት ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል። መሬት ላይ ይቁረጥ። መሰላሉንም አሸንዳው ላይ አያስደግፉ፤ በመሰላሉ የላይኛው ክፍል ላይ አግዳሚ እንጨት አስረው ግድግዳ ላይ ያስደግፉት። የመብራት ሽቦ በዚያ ማዕዘን የሚገባ ከሆነ ሁለት ጊዜ አይተው ይውጡ።

ከተገጠመ በኋላ ዝናብ ሳይጠብቁ ይፈትኑት። የክዳንዎ ወርድ 6 ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዶፍ እያንዳንዱ የአሸንዳ ሜትር በደቂቃ 10 ሊትር ይቀበላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሙሉ፤ አንድ ሰው ከአሸንዳው በላይ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ አንድ ሜትር ስፋት ላይ እያመላለሰ፣ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያፍስሰው። ይህ ከዶፉ እጥፍ በላይ ነው። እርስዎ ከታች ቆመው ይመልከቱ። ጥቂት ፍንጥቅጣቂ ችግር የለውም። በገመድ መልክ ዘሎ የሚወርድ ካለ ግን ወንፊቱ ተዳፋቱ በዝቷል ወይም ቀዳዳው ጠቧል፤ በዚያው ቀን ይስተካከል። ባለ ሱቁም «ምርጥ ዕቃ ነው» የሚልዎትን ሁሉ በዚሁ ጀሪካን ይዳኙት።

አሁን ወደ ሳሎንዎ ልግባ። የጓሮው አሸንዳ ቢደፈን ውሃው በውጭ ከንፈሩ ሞልቶ ጓሮ ይፈሳል፤ ያበሳጫል እንጂ ቤት አይገባም። የፊት ለፊቱ ግን በፓራፔቱና በክዳኑ መሃል የተቀበረ ነው። የውጭው ጠርዝ ግንብ ነው፣ የውስጡ ጠርዝ ደግሞ ከክዳኑ ሥር ያለ ላሜራ። ሲደፈን ውሃው ዝቅ ወዳለው ይሄዳል፤ ዝቅ ያለው የውስጡ ነው፤ ከዚያ ኮርኒስ። ይህ አሠራር ፊት ለፊቱን ስለሚያሳምር በየከተማችን በዝቷል፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር አዲስ የሚሠራው ቤት ብዙው እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ መውጫ አንድ ቀዳዳ ይተዋሉ፣ ሁለተኛ መንገድ አይተዉም። ደንበኞቼ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ ደስ ይለኛል፦ የተቀበረ አሸንዳ ሁለት መውጫ ከሌለው ጊዜ ይጠብቃል እንጂ ቤት መግባቱ አይቀርም።

ስለዚህ ፓራፔቱን አስበስተው ባለ 75 ወይም ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቁራጭ ወደ ውጭ ያስወጡ። የቱቦው ሥር ከአሸንዳው ወለል 5 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፤ ቱቦው በሞላው ግን ከውስጠኛው የላሜራ ጠርዝ በታች ይሁን። ዋናው መውጫ ሲደፈን ውሃው በዚህ በኩል በፊት ለፊትዎ ይፈሳል። ለዓይን አያምርም፤ ሆኖም ያ ፍሳሽ «መውጫው ተደፍኗል፣ ሰው አውጡ» ብሎ የሚጠራዎት ነው። ኮርኒስ ከማጣት ይሻላል።

በዚያ በኩል ወንፊት ከላይ አይግጠሙ ያልኩት በጃካራንዳው ምክንያት ነው። የጃካራንዳ ቅጠል ተከፋፍሎ የሚወርደው ቁራጩ አንድ ሳንቲም ያህል ነው፤ በ5 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ያልፋል፣ በደቃቁ ላይ ደግሞ ይጋገራል። አበባው ደግሞ በበጋው መጨረሻ ይረግፍና ሰኔ ላይ ሲረጥብ ይሟልጫል፤ ወንፊት ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው የሚለጠፈው። የተቀበረ አሸንዳ ሰፊ ስለሆነ ተከፍቶ ቢቀር በመጥረጊያ መጥረግ ይቻላል፤ ከሸፈኑት ግን ውስጡ ምን እንደተጠራቀመ የሚያዩት ኮርኒሱ ሲረጥብ ነው። የመውጫውን አፍ ግን ያለ ጥበቃ አይተዉት። ከዚያው ከአሸዋ ወንፊት ሽቦ፣ እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ ያለ፣ ቁመቱ 15 ሳንቲም ያህል የሆነ ቆብ ያሠሩና አፉ ላይ ይድፉት። ጠፍጣፋ ወንፊት አንድ ሰፊ ቅጠል ይዘጋዋል፤ የሾጠጠው ግን ከታች ቢከበብ እንኳ ውሃው ከፍ ብሎ በጎኑ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ቀን መሰላል ይውጡና አሸንዳው ራሱ ልክ መሆኑን ይዩ፤ ስንቱ ቤት ወንፊት ተወቅሶ ጥፋቱ የአሸንዳው ሆኖ ተገኝቷል። አሥራ አራት ሜትር ርዝመት በአንድ ጫፍ አንድ መውጫ ብቻ ካለው ያንሳል፤ በሁለቱም ጫፍ ይሁንና ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ ይዘቅዝቅ። ዝቅዝቃቱ ለአሥር ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲም ይበቃል። አንድ ጆግ ውሃ መሃሉ ላይ ያፍስሱ፦ ሄዶ ካለቀ ደህና፣ ቆሞ ከተኛ ማንጠልጠያው ላልቷል። መውጫውንም ይለኩት። ቱቦው 110 ሆኖ አሸንዳው ላይ የተቆረጠው ቀዳዳ የሲኒ ማስቀመጫ የማያህልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚቆጠረው ግን ጠባቡ ነው። አሸንዳው የታጠፈበት ላሜራ ስፋት ተዘርግቶ ሲለካ 50 ሳንቲም ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ለእንደዚህ ያለ ክዳን እመርጣለሁ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለአሸንዳም ነው፤ የእርስዎ ግን የአራት ዓመት ቤት ነውና ማስተካከሉ ገና አልመሸበትም።

ስለ ሙቀቱ ጥቂት ልበል። የሚያዝያ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ በጥር ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። በዚህ የ50 ዲግሪ ልዩነት አሥር ሜትር የብረት ላሜራ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አሉሚኒየም 11 ወይም 12፣ ፒቪሲ ግን 35። ርካሽ ነው ብለው የፒቪሲ ወንፊት ከዳር እስከ ዳር በብሎን ከቸነከሩት ይንጋደዳል፣ ፀሐዩም ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። አሉሚኒየምም ቢሆን በቁራጭ በቁራጩ መሃል ጣት የማያስገባ ክፍተት ይተዉለት። የመዳብ ነገር ጋልቫናይዝድ ላይ አያድርሱ፤ ከመዳብ የሚወርድ ውሃ ዚንኩን ይበላዋል። አሉሚኒየምና ጋልቫናይዝድ ግን ይስማማሉ።

ይህን የሚያነቡ የደጋ ሰዎች ካሉ፣ በጮቄ ተራራ ዙሪያና በደብረ ማርቆስ በኩል ነገሩ በአንድ በኩል ይለያል፦ በረዶ አለ። በረዶ ጠፍጣፋ ወንፊት ላይ ሲከመር ውሃውን ይገድባል፤ የተቀበረ አሸንዳ ውስጥ ሲሞላም መውጫውን ይዘጋል። እዚያ የትርፍ ውሃ መውጫው ምክር መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል።

ወንፊት መጥረግን ይቀንሳል፤ አያስቀርም። በዓመት ሦስት ጊዜ ይዩት። አንዱ በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይሄው ነው፣ የስድስት ወር አቧራ፣ የጃካራንዳው አበባና የወፍ ጎጆ ሰኔ ሳይገባ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ጋብ ያለበት ጠዋት፣ የመውጫውን ቆብ ብቻ አንስቶ መመለስ ነው። ሦስተኛው ከመስቀል በኋላ። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ምን ያደርጋል ይላል። ትንኝ ግን ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር በሞቃት ወቅት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ በአሸንዳ ውስጥ የተኛ ውሃ ደግሞ በደለልና በቅጠል ሥር ከዚያ በላይ ይቆያል። በእኛ አካባቢ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መሆኑን ያውቁታል። በዚያ ሰሞን ራስጌዎ ላይ የቆመ ውሃ እንዳይኖር።

ውሃውን ወደ ሮቶ ማስገባት ካሰቡ ደግሞ የጓሮውን ጎን ይምረጡ፤ የወንፊቱ ጥቅም እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አያስገቡ። ከ84 ካሬ ሜትር ክዳን እስከ 80 ሊትር ያህል ይፍሰስ፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ውሃውን እንደ ሻይ ያቀልመዋል፣ የወፍ ኩስም በሱ ነው የሚወርደው። ለመጠጥ ከሆነ አፍልተው ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የፊት ለፊቱ የትርፍ ውሃ መውጫና የመውጫው ቆብ፣ ቀጥሎ የጓሮው ሁለተኛ መውጫ፣ ከዚያ ወንፊቱ። ኮርኒሱን ግን አሁን አይቀይሩ። የረጠበውን ቁራጭ ብቻ አስነስተው ከላዩ ያለው እንጨት በአየር ይድረቅ፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ አንድ ሙሉ ክረምት ይለፍ። ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ቀዳዳ ወደ ላይ እያዩ አንድ ጠብታ ካላዩ፣ መስከረም ላይ ኮርኒስ ሠሪውን ይጥሩት።